ለፒካፕ ካሶኒ የቱ ላይነር ይሻላል? ፕላስቲክ፣ የሚረጭ፣ በሮለር የሚቀባ ወይስ ጎማ

ፒካፕ የገዛ ሰው ብዙ ሳይቆይ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው፦ ካሶኒውን ምን ላልብሰው? ላይነር የሚባለው ይህ ካሶኒውን ከጭረትና ከዝገት የሚጠብቀው ልባስ ነው። መልሱ እንደ መላሹ ነው። ፕላስቲክ የሚሸጠው ፕላስቲክ ይላል። የሚረጨው ባለሙያ ፕላስቲክ የሚባል ነገር አታስጠጋ ይላል። ከሁለቱም የሌለበት አንጋፋ ሾፌር ደግሞ ዝም ብለህ ጎማ አንጥፍበት ብሎ ያልፋል። የሚገርመው ሦስቱም እንደ ጭነቱ ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ።

እኔ የምመርጥበት መንገድ ቀላል ነው። ላይነሩ ከላይ ምን ያህል ጠንካራ ነው ከማለቴ በፊት በላይነሩና በላሜራው መሀል ምን ይገባል ብዬ እጠይቃለሁ። ካሶኒን የሚጨርሰው ጭረት ብቻ አይደለም፤ ጭረቱ ላይ ውሃና አሸዋ ገብተው መውጫ ሲያጡ ነው ነገር የሚበላሸው። ይህን ከያዛችሁ ማስታወቂያው ሁሉ ብዙም አያደናግራችሁም።

መጀመሪያ ካሶኒው ከምን እንደተሠራ እወቁ

የፋብሪካ ቀለም ሲባል ወፍራም ነገር እንዳይመስላችሁ። ከስር ያለው ፀረ ዝገት፣ ቀለሙና ላዩ ላይ ያለው አብረቅራቂ ልባስ ተደምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.15 ሚሊሜትር ገደማ ናቸው። አንድ አካፋ ተጎትቶ ሲወርድ ይህን ሁሉ በአንዴ ይገፈዋል። ከዚያ በኋላ ብረቱ ከእርጥበትና ከአየር ጋር ፊት ለፊት ነው። ጨው ካለበት ይብሳል፤ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተን ጨው፣ የባሕር ዳርቻ አየር፣ ከከረጢት የፈሰሰ ማዳበሪያ፣ ሁሉም ዝገቱን ያፋጥኑታል።

ካሶኒ ሁሉ ግን ብረት አይደለም። የፎርድ ኤፍ-150 አካል ከ2015 ሞዴል ጀምሮ አሉሚኒየም ነው። ቶዮታ ታኮማ ከ2005 ሞዴል ጀምሮ የካሶኒው ውስጥ በፋይበር በተጠናከረ ፕላስቲክ ተሠርቶ ነው የሚመጣው፣ ሆንዳ ሪጅላይንም እንደዚያው። እንዲህ ዓይነቱ ፕላስቲክ አይዝግም፤ ስለዚህ ዝገትን ለመከላከል ብሎ ውድ ልባስ ማስረጨት ትርጉም የለውም። ጭነት እንዳይንሸራተት ጎማ ካነጠፋችሁ በቂ ነው። አሉሚኒየም ደግሞ ቀይ ዝገት ባያወጣም ሹል ነገር ሲወድቅበት መሰርጎድም መበሳትም ያውቃል፣ ከብረት ቡሎን ጋር ተነካክቶ እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ መገናኛው ላይ ይበላል። ባለ አሉሚኒየሞች ስለዚህ ዝገትን ትታችሁ ስለ ምትና ስለ ቡሎን አስቡ።

የቀረው ጽሑፍ በዋናነት ባለ ብረት ካሶኒውን የሚመለከት ነው።

ተሠርቶ የሚመጣው ፕላስቲክ

ከወፍራም ፖሊኤትሊን ለአንድ ሞዴል ልክ ተሠርቶ ይመጣል፣ ካሶኒው ውስጥ እንደ ገንዳ ቁጭ ይላል። መግጠሙ ልዩ ሙያ አይፈልግም። አብዛኛው ጥቁር ነው፣ ያም ለውበት አይደለም፤ ፖሊኤትሊን ብቻውን ፀሐይ አይችልም፣ ጥቁር ካርቦን ሲጨመርበት ግን ጨረሩን ካርቦኑ ስለሚይዝለት ቶሎ አይሰነጣጠቅም።

ትልቁ ጥቅሙ ምት መቻሉ ነው። ድንጋይ ሲወረወርበት ፕላስቲኩ ሸብረክ ይልና ኃይሉን ይበትነዋል፣ ላሜራው ብዙም አይሰረጉድም። የሚረጨው ልባስ በዚህ በኩል አይስተካከለውም፤ ላሜራው ላይ ስለተጣበቀ ላሜራው ሲሰረጉድ አብሮት ይሰረጉዳል። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ነው የሚያስበው፦ የሚረጨው ውድ ስለሆነ ሁሉንም የሚያስቆም ይመስለዋል።

ሌላው ጥቅሙ ምንም ነገር አይጣበቅበትም። የፈሰሰ ሲሚንቶ ደርቆ ይነሳል፣ የተደፋ ቀለም ይላጣል። ይኸው ባሕርዩ ግን ፕላስቲኩ ሲሰነጠቅ ሙጫም እንዳይዘው ያደርጋል። ተሰነጠቀ ማለት ይቀየራል ማለት ነው።

አሁን ወደ ጣጣው። ፕላስቲኩ ያንሸራትታል፣ በተለይ እርጥብ ሲሆን። ፍሬን ሲያዝ ካርቶኑ ወደ ጋቢናው ይሮጣል፣ ዳገት ሲወጣ ወደ ኋላ ይመለሳል። ወለሉ ላይ ያሉት ቦዮች ጭነቱ ወደ ጎን እንዳይሄድ ትንሽ ያግዙ ይሆናል፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግን እንደውም መንሸራተቻ ይሆናሉ።

ከዚህ የባሰው የማይታየው ነው። ፖሊኤትሊን ሲሞቅ ከብረት አሥር እጥፍ ገደማ ወይም ከዚያም በላይ ይለጠጣል። ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ፕላስቲክ በማለዳ ብርድና በቀትር ፀሐይ መሀል የ40 ዲግሪ ልዩነት ቢያገኝ አንድ ሴንቲሜትር ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ይረዝማል፤ ከስሩ ያለው ብረት አንድ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ። ስለዚህ ፕላስቲኩ በየቀኑ ላሜራው ላይ ይሳባል። መኪናው ሲሄድ ደግሞ ይንቀጠቀጣል። በመሀላቸው አሸዋ ከገባ፣ መግባቱም አይቀርም፣ ፕላስቲኩና አሸዋው አንድ ላይ ሆነው ብርጭቆ ወረቀት ይሆናሉ። ቀለሙ ቀስ በቀስ ያልቃል። ውሃው በጠርዙ ይገባል፣ ፀሐይና ነፋስ ስለማያገኘው ቶሎ አይደርቅም። ከላይ አዲስ የሚመስል ላይነር ከስሩ ወንፊት የሆነ ላሜራ የሚደብቀው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ ማለት አትግዙት ማለት አይደለም። ስትገዙት አገባቡን ተጠንቀቁ ማለት ነው። በትራፓኖ ብሱና በቡሎን እሰሩ የሚል አገጣጠም ካለው እኔ አልወስደውም፤ ቀዳዳው ራሱ የዝገት መነሻ ነው፣ ፕላስቲኩም ሲለጠጥ መሄጃ ስለሚያጣ ይጎብጣል። በፋብሪካው ማሰሪያ ቀለበቶች ወይም በመቆንጠጫ የሚያዘው ይሻላል። ከመግባቱ በፊት ጭረቶቹን ሁሉ ፀረ ዝገት ቀቡ፣ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ እንዳልተዘጉ እዩ። ከዚያ ቢያንስ ከዝናቡ ወቅት በፊትና በኋላ አውጥታችሁ እጠቡ። ይህን የማታደርጉ ከሆነ፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ፣ ሌላ ምረጡ።

የካሶኒውን አፍ የላይኛውን ጠርዝ የሚሸፍንና ከጠርዙ በታች የሚቀር ሁለት ዓይነት አለ። ረጅም ብረት ወይም እንጨት ከጎን በኩል የምታስገቡ ከሆነ ጠርዙን የሚሸፍነው ይሻላል። ክዳን ወይም የሸራ መሸፈኛ ለመግጠም ካሰባችሁ ግን ከጠርዝ በታች የሚቀረውን ውሰዱ፣ አለበለዚያ የክዳኑ ማሰሪያ መቀመጫ ያጣል።

አሮጌ ፒካፕ ለምትገዙም አንድ ነገር፦ ፕላስቲክ ላይነር ካለው ሻጩ ፊት አንሱትና ስሩን እዩ። ሻጩ አይነሳም ካላችሁ ስሩ ዝጓል ብላችሁ ገምቱና በዋጋው ተደራደሩ።

ነዳጅ የምትቀዱ ይህን አትዝለሉት

ፕላስቲክም ሆነ ምንጣፍ መሰል ላይነር ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ጀሪካን ካሶኒው ውስጥ ላይነሩ ላይ ተቀምጦ ቤንዚን ሲቀዳበት፣ ነዳጁ ሲፈስ የሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ሙል ወደ መሬት መውረጃ ያጣና ይጠራቀማል። ከዚያ የፓምፑ አፍ ሲጠጋው ብልጭ ይላል። የብረት ጀሪካን ከሆነ ደግሞ አደጋው ይከፋል። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም ናዮሽ በ1998 በዚህ ጉዳይ ላይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጀሪካኑን አውርዱ፣ መሬት ላይ አስቀምጡ፣ የፓምፑ አፍ የጀሪካኑን አፍ እንደነካ ቅዱ።

የሚረጨው

በላይነርና በላሜራ መሀል ምንም እንዳይገባ ከፈለጋችሁ መልሱ ይህ ነው፤ መሀል የሚባል ነገር ራሱ የለም። በትክክል ከተሠራ። ይህቺ "በትክክል ከተሠራ" የምትለዋ ነገር ናት ሙሉ ዋጋውን የምትወስነው።

ሁለት ፈሳሾች ናቸው፣ አንዱ አይሶሳያኔት የሚባለው፣ ሌላው ሬዚን። በሚረጨው መሣሪያ አፍ ላይ ይገናኛሉ፣ ይደባለቃሉ፣ ካሶኒው ላይ እንዳረፉ መጠንከር ይጀምራሉ። በሬዚኑ ዓይነት ፖሊዩሪያ፣ ፖሊዩሬቴን ወይም የሁለቱ ቅይጥ ይባላል። ፖሊዩሪያ በሰከንዶች ውስጥ ይይዛል፤ ስለዚህ በቆመ ግድግዳ ላይ እንኳ ሳይወርድ ውፍረት መገንባት ይቻላል። ፖሊዩሬቴን ትንሽ ዘግየት ይላል፣ እርጥበትም ይጠላል፦ አይሶሳያኔት ውሃ ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፣ ያ ጋዝ ልባሱ ውስጥ ትናንሽ አረፋ ይሆናል፣ አረፋው ሲፈነዳ ቀዳዳ። በዝናባማ ቀን በክፍት ግቢ የሚረጭላችሁ ሰው ካገኛችሁ በሌላ ቀን እመጣለሁ በሉት።

አረጫጨቱም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ፈሳሾቹን ከ60 እስከ 75 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ አሙቆ፣ በ140 ባር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ግፊት የሚረጭ ትልቅ ማሽን ነው። ሌላው በተራ ኮምፕረሰር ሳይሞቅ የሚረጨው ነው። በሙቀትና በግፊት የተረጨው በደንብ ስለሚደባለቅ ጠጠር ያለና ወጥ ይሆናል። ያልሞቀው መጥፎ ነው ማለት ሳይሆን ብዙውን ጊዜ ለስለስ ያለ ነው፣ ለስላሳው ደግሞ ጭነት የመያዝ ጥቅም አለው። ጠንካራው ጭረትን ይችላል፣ ግን ካርቶን ትንሽ ይሸሽበታል። ለስላሳው ካርቶን ይይዛል፣ ሹል ብረት ግን ይቆርጠዋል። ሁለቱንም በአንዴ ሙሉ በሙሉ የሚሰጥ የለም፣ አለ የሚላችሁን አትመኑ።

ዝግጅቱ ላይ ግን ድርቅ በሉ። የሚረጨው ልባስ ሲላጥ አይታችሁ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፈሳሹ አይደለም፣ ከስሩ ያልተነሳ ቅባት ወይም በደንብ ያልሻከረ ቀለም ነው። አብረቅራቂ ቀለም ላይ ምንም አይያዝም። ካሶኒው መታጠብ አለበት፣ ቅባትና ሰም ማስለቀቂያ መነካት አለበት፣ ከዚያ እያንዳንዱ ጥግ፣ እያንዳንዱ ቦይ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በማሻከሪያ መፈተግ አለበት፣ ከዚያ እንደገና መጥረግ። ዝገት ካለ እስከ ንጹሕ ብረት ድረስ ተፍቆ ፀረ ዝገት ይቀባል። ዝገት ላይ የተረጨ ልባስ ዝገቱን አያስቆመውም፣ ይደብቀዋል እንጂ፤ ስሩ እየበላ ላዩ ያምራል፣ አንድ ቀን በትልቁ ተገንጥሎ ይነሳል።

ስለዚህ ጋራዡ ስትሄዱ የምርቱን ስም ከመጠየቅ ይልቅ ዝግጅቱ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠይቁ። ከመረጨቱ በፊት ባለበት ፎቶ አንሱልኝ በሉ። የማሰሪያ ቀለበቶቹን ትፈታላችሁ ወይስ ላያቸው ላይ ትረጫላችሁ በሉ፤ ላያቸው ላይ የሚረጭ ሰው ችኩል ነው። ውፍረቱን በሚሊሜትር ያስቀምጡላችሁ። ወለሉ ላይ 3 ሚሊሜትር አካባቢ፣ ግድግዳው ላይ ትንሽ ቀነስ ያለ ጥሩ ነው። ከአንድ ሚሊሜትር በታች ከሆነ ወፍራም ቀለም እንጂ ላይነር አትበሉት።

ብዙ ሰው የማያነሳው ነገር የካሶኒው ቡሎኖች ናቸው። በአብዛኛው ፒካፕ ካሶኒው ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው ከወለሉ ላይ በሚገቡ ትልልቅ ቡሎኖች ነው። ነዳጅ ታንከር ውስጥ ያለው ፓምፕ ሲበላሽ ሜካኒኩ ብዙ ጊዜ ታንከሩን ከማውረድ ካሶኒውን ማንሳት ይቀለዋል። ቡሎኑ በ3 ሚሊሜትር ልባስ ከተቀበረ ቁልፉ አይገባም፣ በመሮ መፈልፈል ይጀመራል፣ የጀመረው ቦታ ደግሞ ውሃ መግቢያ ይሆናል። ይሸፈኑልኝ ብላችሁ ከመረጨቱ በፊት ንገሩ። ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹም እንደዚያው።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ተራው የሚረጭ ልባስ አሮማቲክ የሚባለው ዓይነት ነው፣ ፀሐይ ላይ ሲቆይ ጥቁርነቱ ይጠፋና አመዳም ይሆናል። ጥንካሬው ብዙም አይነካም፣ ዓይን ነው የሚነካው። አሊፋቲክ የሚባለው ቀለሙን ይጠብቃል፣ ግን ይወደዳል። ጥሩው መካከለኛ መንገድ ዋናውን በአሮማቲክ አስረጭቶ ላዩን በቀጭን አሊፋቲክ ማስጨረስ ነው። ካሶኒውን እንደ መኪናው ቀለም ማስረጨት ከፈለጋችሁ አሊፋቲኩ ግዴታ ነው፣ ነጭ አሮማቲክ ቢጫ ይሆናል።

ጉዳቱስ? ቋሚ ነው፣ ሀሳባችሁን ብትቀይሩ ማስነሳቱ ከማስረጨቱ ይከብዳል። ላሜራው ቢሰረጉድ ላሜራ ሠሪው መጀመሪያ ልባሱን መላጥ አለበት። ላዩ ላይ መበየድ ደግሞ አይቻልም፣ ሲቃጠል የሚያወጣው ጭስ ለሳንባ አደገኛ ነው። ሻካራነቱም ጉልበት ይልጣል፣ የተወለወለ የቤት ዕቃ ይጭራል። በሌላ በኩል ትንሽ ቦታ ቢቆረጥ ማሻከርና እንደገና መርጨት ብቻ ነው፣ አዲሱ አሮጌው ላይ ይያዛል።

በሮለር ራሳችሁ የምትቀቡት

የሚረጨው ታናሽ ወንድም ነው። በቆርቆሮ ይሸጣል፣ ውስጡ ፖሊዩሬቴንና የተፈጨ ጎማ አለ። አንዳንዱ ባለ አንድ ክፍል ነው፣ ከአየር እርጥበት እየወሰደ ይጠነክራል። ሌላው ከማጠንከሪያ ጋር ተደባልቆ የሚሠራ ነው፣ ከተደባለቀ በኋላ ጊዜ አይሰጥም። ሁለተኛው በአብዛኛው ይጠነክራል፣ የመጀመሪያው ለጀማሪ ይቀላል።

ውፍረቱ ላይ አትጠብቁት። ሁለት ወይም ሦስት ዙር ቀብታችሁም አንድ ሚሊሜትር መድረሱ ያጠራጥራል። ድንጋይ አይችልም። ያረጀ፣ የተጫጫረ፣ ለሥራ ብቻ የሚነዳ ፒካፕ ካላችሁ ግን ከዚህ የተሻለ ዋጋ ያለው ነገር አላውቅም፤ ዝገቱን ታስቆማላችሁ፣ ላሜራው ይዘጋል፣ በሁለት ዓመት ሲሳሳ አንድ ዙር ትደግማላችሁ።

ሥራው ሦስት አራተኛው መፈተግ ነው። ይህን ተቀበሉና ጀምሩ። ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ፣ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት፣ ቅባቱን በቲነር፣ ከዚያ ቲነሩ ሙሉ በሙሉ እስኪተን ጠብቁ። ጠርዞቹን በወረቀት ፕላስተር ሸፍኑ፣ ምክንያቱም ጠብታው የመኪናው ቀለም ላይ ከደረቀ በኋላ አይወጣም፣ ወዲያውኑ ነው መጥረግ ያለባችሁ። ጥጎቹንና ቦዮቹን መጀመሪያ በብሩሽ፣ ሰፊውን በሮለር። የተፈጨው ጎማ ወደ ታች ስለሚቀመጥ በየጊዜው አማስሉት። ሁለተኛውን ዙር የመጀመሪያው ሳይከርር፣ ጣት ሲነካው ገና ትንሽ ሲይዝ ቀቡ፤ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ከሆነ እንደገና ማሻከር ይጠበቅባችኋል።

ስለ ጤና ሳልቀልድ ልናገር። አይሶሳያኔት በሥራ ቦታ አስም ከሚያስይዙ ዋና ዋና ኬሚካሎች አንዱ ነው፣ አንዴ ሰውነታችሁ ከጠላው ደግሞ በጣም ትንሽ መጠን እንኳ ሊያፍናችሁ ይችላል። የጨርቅ ማስክ እዚህ አይሠራም። ክፍት ቦታ ሥሩ፣ ለኬሚካል ትነት የተሠራ ማጣሪያ ያለው መተንፈሻ አድርጉ፣ ጓንት አትርሱ። በኮምፕረሰር ልርጨው ካላችሁ አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል፣ ያንን ለባለሙያ ተዉት።

የጎማ ንጣፍ

በእኔ ግምት ከሁሉም የተናቀውና ብዙ የሚሠራው ይህ ነው። ከ8 እስከ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ጎማ ወለሉ ላይ ይነጠፋል፣ አለቀ። ጭነት አይሸሽም። ከባድ ነገር ሲወድቅ ይውጠዋል። ጉልበት ተንበርክኮ ለመሥራት ይመቻል። ቆሻሻ ሲበዛ ጥቅልል አድርጎ ማውጣት፣ ወለሉን በውሃ ማጠብ፣ ሁለቱንም ማድረቅ። መሀል ላይ የገባውን አሸዋ ማየትና መጥረግ የምትችሉበት ብቸኛው ላይነር ይህ ነው ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ነው የምወደው።

ሲገዛ ስሩን ገልብጣችሁ እዩ። ልሙጥ ከሆነ ውሃ ከስሩ ይይዛል። ትናንሽ ጉጦች ወይም ቦዮች ያሉት ውሃውን ወደ ኋላ ያሳልፋል። ክብደቱም ምልክት ነው፦ አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ተኩል የሆነ፣ 10 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው እውነተኛ ጎማ 25 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በአንድ እጅ የሚነሳ ስስ ንጣፍ ከሰጧችሁ ባዶ ካሶኒ ላይ በፈጣን መንገድ ነፋሱ ገልብጦ ከኋላ ለሚመጣው መኪና ሊያቀርበው ይችላል።

ጉድለቱ ግድግዳውን አለመሸፈኑ ነው። ከኋላ እግሮቹ በላይ ያሉት የካሶኒው ጉብታዎችና የኋላው መዝጊያ ውስጥ ባዶ ይቀራሉ፣ አካፋና ድንጋይ ደግሞ የሚመታው እነሱንም ነው። ጥቁር ጎማ በነጭ ቀለም ላይ ለረጅም ጊዜ ከተኛ ቢጫ ወይም ቡናማ ጥላ ሊተው ይችላል፣ በፋብሪካ ቀለሙ ለሚጨነቅ ሰው ይህ ይከብዳል። ቤንዚንና ዘይት ሲፈስበት ያብጣል፣ ቶሎ እጠቡት። ከአሮጌ ጎማ ተፈጭቶ የተሠራው መጀመሪያ ላይ ይሸታል፣ ፀሐይ ላይ ዘርጉት።

ምንጣፍ መሰሉና ጣውላው

ምንጣፍ የሚመስለው ላይነር ስሙ እንጂ የቤት ምንጣፍ አይደለም፣ ፖሊፕሮፒሊን ስለሆነ ውሃ አይመጥም፣ በቱቦ ይታጠባል። ካሶኒው ላይ ክዳን ላለውና ውስጡ ለሚተኛ፣ ውሻ ለሚያሳፍር፣ የሙዚቃ መሣሪያ ወይም የተወለወለ ዕቃ ለሚያመላልስ ከዚህ የሚመች የለም። አሸዋ፣ ጭድ፣ ሲሚንቶና የብረት ብናኝ ለሚጭን ግን ቅጣት ነው፣ አይወጣለትም።

ጣውላ ወይም ወፍራም ኮምፔንሳቶ ቆርጦ ማንጠፍም አለ። አትሳቁበት፤ ከ12 እስከ 18 ሚሊሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ የድንጋይ ምትን ከፕላስቲክ በላይ ያሰራጫል፣ ሲሰበር አንድ ቁራጭ ብቻ ትቀይራላችሁ። ግን እንጨት ውሃ ይዞ ይቀመጣል፣ ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ አውጡት።

ታዲያ ለማን የቱ?

ድንጋይ፣ ጠጠር፣ የፈረሰ ግንብ የምትጭኑ ከሆነ አንዱ ብቻ አይበቃችሁም። ግድግዳውንና ወለሉን የሚረጨውን አድርጋችሁ ወለሉ ላይ ወፍራም ጎማ ጨምሩበት። የሚረጨው ዝገቱን ይይዛል፣ ጎማው ምቱን ይይዛል። ይህ ጥምረት መኪናውን ለብዙ ዓመት ይዞ ለመሥራት ላሰበ ሰው የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ ነው፣ ከተቻለ ደግሞ መኪናው አዲስ እያለ፣ ካሶኒው ገና ሳይጫር።

ካርቶን፣ ዕቃ፣ አልፎ አልፎ የሚጓጓዝ ነገር ከሆነ የጎማ ንጣፍ ግዙና ገንዘባችሁን ለሌላ ነገር አስቀምጡ። እዚህ ላይ ሻጭ ይከራከራችኋል፣ እናንተ ግን አትከራከሩ።

በኪራይ የያዛችሁት ወይም በቅርቡ የምትሸጡት መኪና ላይ የሚረጭ አታድርጉ። ፕላስቲክ ወይም ጎማ ስትፈልጉ ይወጣል፣ ለሚቀጥለው ተመሳሳይ ሞዴልም ያገለግላል። ማዳበሪያ፣ ጨው፣ ኬሚካልና የእንስሳት ሽንት ያለበት የእርሻ ሥራ ላይ ደግሞ ፕላስቲኩን እፈራዋለሁ፣ ፈሳሹ ከስር ገብቶ ስለሚቀር፤ እዚያ ላይ የሚረጨው ዋጋው ይገባዋል።

መኪናው አርጅቶ ካሶኒው ተጫጭሮ ከሆነስ? ዝገቱ ገና ላይ ላዩን ከሆነ በሮለር የሚቀባው። ላሜራው ተበስቶ ከሆነ መጀመሪያ ላሜራ ሠሪ፣ ከዚያ ስለ ላይነር እናወራለን። ስቱኮ ሞልቶ ላዩን መቀባት ገዢን ለማታለል ካልሆነ ለባለቤት አይጠቅምም።

አንድ ጎማ አንጥፋችሁም ሆነ ውዱን አስረጭታችሁ ጭነት ማሰር አይቀርም። የሚይዝ ወለል ጭነት እንዳይሸሽ ያግዛል፣ በድንገተኛ ፍሬን የሚበር ማቀዝቀዣን ግን አያስቆምም።

ዋስትና ከሰጧችሁ "ለዕድሜ ልክ" የሚለውን ትታችሁ ከስሩ ያለውን አንብቡ። መላጥን ይሸፍናል ወይ? የቀለም መደብዘዝንስ? መኪናው ሲሸጥ ለገዢው ይተላለፋል ወይስ ከእናንተ ጋር ያበቃል? ብዙዎቹ መሰንጠቅና መላጥን ይሸፍናሉ፣ መደብዘዝን አይሸፍኑም፣ ከሹል ነገር የመጣ መቆረጥንም እንዲሁ።

የሚረጨውን ካስደረጋችሁ ከባድ ነገር ከመጫናችሁ በፊት ባለሙያው ያለውን ጊዜ ጠብቁ፤ በሰከንድ ቢይዝም ሙሉ ጥንካሬው ላይ የሚደርሰው ቆይቶ ነው። ከዚያ በኋላ በየጊዜው ጠርዞቹን ብቻ በጣት ዳሱ። ልባስ መላጥ የሚጀምረው ከጠርዝ፣ ከቡሎን ዙሪያና ከኋላው መዝጊያ አጠገብ ነው። የተነሳ ነገር ካገኛችሁ አትጎትቱት፣ እስከሚይዝበት ድረስ በስለት ቁረጡ፣ ስሩን አድርቁ፣ አሻክሩ፣ በሮለር በሚቀባው ዝጉት።